ወረቀቱን የሚያነብ ስልክ፦ የተማሪን ጭንቀት በአጋዥ ቴክኖሎጂ ለማቅለል

ልጁ 11ኛ ክፍል ነው። ዐይነ ሥውር ነው። ረቡዕ ረቡዕ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ይጠፋል። የክፍሉ ኃላፊ መምህር «ሰንፏል» አለኝ። ፈልጌ ሳገኘው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የብሬል መጻፊያ ስታይለሱን በአውራ ጣቱ ያሻሻል። «ምን ሆንክ?» አልኩት። ዝም። ቆይቶ «ቲቸር፣ ሰው ማስቸገር ሰለቸኝ» አለኝ። የባዮሎጂ ሀንድአውት የሚሰጠው ረቡዕ ነው። ወረቀቱ ሲታደል የሚያነብለት ሰው መለመን አለበት። የተለመነው ደግሞ አንዳንዴ ይስቃል፣ አንዳንዴ «ቆይ ነገ» ይላል።

ኪሱ ውስጥ ጠርዙ የተሰነጠቀ ታች ስልክ አለ። አጎቱ የሰጠው ነው። ሲደወል ብቻ ነው የሚያነሣው። «ታች ስልክ ለሚያይ ሰው ነው» ብሎ ትቶታል።

እኔ ምክር ልሰጠው ነበር የሄድኩት። «በርታ፣ አይዞህ» ልለው። ልጁን ያስጨነቀው ግን ወረቀቱ ነበር። ከ«አይዞህ» በፊት ወረቀቱ መነበብ ነበረበት። ይህ መመሪያ የሚነሣው ከዚያ ነው። መጀመሪያ የሚያዋርደውን ወይም የሚያደክመውን ነገር በመሣሪያ እናንሣለት፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ጭንቀት ምን ያህል እንደሆነ እንይ። የምጽፈው ደብረ ማርቆስ አካባቢ ላሉ መምህራንና ወላጆች አስቤ ነው። ሞጣም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላም ሆነ ብቸና ያለው ሰው ግን ነገሩ አይለየውም።

አጋዥ ቴክኖሎጂ ሲባል ውድ ማሽን አይታያችሁ። የብሬል መጻፊያ ስታይለስም አጋዥ ቴክኖሎጂ ነው። ሜሞሪ ካርድ የገባበት ቁልፍ ስልክም ነው። እዚህ የምጠቅሰው ሁሉ ወይ በነፃ የሚገኝ፣ ወይ ስልኩ ውስጥ ድሮም የነበረ ነው።

መጀመሪያ፦ የሚያስጨንቀውን ነገር በቦታውና በሰዓቱ ፈልጉ

«ጨንቆሃል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። የኛ አገር ልጅ «ደኅና ነኝ» ነው የሚላችሁ። እንዲያውም ብዙዎቹ ጭንቀትን ጭንቀት ብለው አይጠሩትም። «ልቤ ይመታል»፣ «ራሴን ያዞረኛል»፣ «ሆዴን ይነፋኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ይላሉ። ይህን ስትሰሙ የወባ ምርመራ ብቻ አትዘዙ።

ስለ ቀኑ ጠይቁ። «ትናንት ከቤት ከወጣህ ጀምሮ እስክትተኛ ንገረኝ።» ሲነግራችሁ የቱ ጋ እንደሚዘል አስተውሉ። ያ ልጅ ረቡዕን ሲናገር ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ ጨርሶ ወደ ምሳ ሰዓት ዘለለ። መሣሪያ የሚያስፈልገው በዘለለው ቦታ ላይ ነው።

ደብተር ያዙ። አንድ ገጽ ለአንድ ልጅ። ሦስት ነገር ብቻ ጻፉ፦ የከበደው ሥራ፣ የከበደበት ሰዓት፣ አሁን ማን እንደሚያግዘው። ለምሳሌ «ሰሌዳ ማንበብ፣ ጠዋት፣ ማንም» ወይም «የመምህሩን ድምፅ መስማት፣ ከሰዓት፣ ከጎኑ የሚቀመጠው ልጅ»። በሽታ አትጻፉ። «ድባቴ አለበት» ማለት የእናንተም የእኔም ሥራ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የማይረሳ ነገር አለ። ከጎዛምን፣ ከስናን፣ ከአነደድ መጥተው ከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች አሉ። ዓርብ ወይም ቅዳሜ ሄደው እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ስንቁ ሐሙስ ላይ ካለቀ፣ ሐሙስ የሚታየው መፍዘዝ በመተግበሪያ አይድንም። መጀመሪያ በልቷል ወይ በሉ።

ማየት ለሚቸገር ልጅ፦ ስልኩን አፍ አውጡለት

እዚህ ረዘም እላለሁ። በዐይኔ ያየሁት ትልቁ ለውጥ እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

አንድሮይድ ስልክ ላይ ቶክባክ የሚባል ስክሪን አንባቢ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም አለ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አክሰሲቢሊቲ የሚለውን ፈልጉ፤ ስልኩ በአማርኛ ከሆነ «ተደራሽነት» ይላል። ቶክባክን ከማብራታችሁ በፊት ግን እናንተ ራሳችሁ ማጥፊያውን ተማሩ። ሲበራ የስልኩ ባሕርይ ይለወጣል። አንድ ጊዜ መንካት መክፈት መሆኑ ይቀራል፤ ነክቶ ስሙን መስማት፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ መታ መታ ማድረግ ነው። ገጽ ለማንሸራተት ሁለት ጣት ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ መምህር «ስልኩ ተበላሸ» ብሎ ወደ ሞባይል ቤት ይሮጣል። እኔ ሮጫለሁ። ጠጋኙ ልጅ ስቆብኝ 50 ብር ተቀበለኝ።

እዚያው ገጽ ላይ አቋራጭ አለ። ካበራችሁት ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ ለ3 ሰከንድ ያህል ሲጫኑ ቶክባክ ይበራል፣ ይጠፋል። ለልጁ መጀመሪያ የምታስተምሩት ይህን ይሁን። በራሱ ማብራትና ማጥፋት ከቻለ አይፈራውም።

ቀጥሎ ቋንቋ። ቶክባክ እንግሊዝኛውን ጥርት አድርጎ እያነበበ አማርኛ ላይ ሲደርስ ዝም ካለ፣ ስልኩ የአማርኛ ድምፅ የለውም ማለት ነው። ኢስፒክ ኤንጂ የሚባል ነፃ የድምፅ ሞተር አለ፤ አማርኛ ይችላል። ከጫናችሁ በኋላ ሴቲንግ ውስጥ ጽሑፍን ወደ ንግግር የሚቀይረው ቦታ ገብታችሁ እሱን ምረጡ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ድምፁ አያምርም። የቆርቆሮ ድምፅ ነው። ያ ልጅ መጀመሪያ ቀን ሰምቶት «ቲቸር፣ ይሄ ሰውዬ ጉንፋን ይዞታል» አለኝ። በሳምንቱ ግን ፍጥነቱን እኔ የማልሰማበት ድረስ ጨምሮታል። ስለዚህ በእናንተ ጆሮ አትፍረዱ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይሁን፤ ፍጥነቱን እሱ ይጨምር።

ልምምዱን እንዲህ ብታደርጉት ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ቀን፣ ማብራትና ማጥፋት ብቻ። ሁለተኛው ቀን፣ በአንድ ጣት ወደ ቀኝ እየጠረጉ ከአንዱ ምልክት ወደ ቀጣዩ መሄድ። ሦስተኛው ቀን፣ ለእናቱ መደወል። አራተኛውና አምስተኛው ቀን፣ የመጣለትን መልእክት ራሱ ከፍቶ ማንበብ። በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ጆሮ ይደክማል።

መልእክት ማንበቡን ቀላል ነገር አታድርጉት። ያ ልጅ እስከዚያ ቀን ድረስ የመጣለትን ጽሑፍ ሁሉ ሌላ ሰው ነበር የሚያነብለት። የወንድሙን «ብር ልኬያለሁ»ም፣ የልጅቷን ሰላምታም። 11ኛ ክፍል ሆኖ ምሥጢር የሌለው ሰው አስቡት! ማዳመጫ ሰክቶ የመጀመሪያውን መልእክት ለብቻው ሲሰማ ፊቱን አዞረብኝ። ምን እንደሚል አልጠየቅኩትም። ማዳመጫ የግድ ነው የምለው ለዚህ ነው። አንዱን ጆሮ ብቻ ይክተት፤ ሌላው ጆሮው መንገድና መኪና ይጠብቅበት።

ትምህርት ቤታችሁ ኮምፒውተር ካለው ኤንቪዲኤ የሚባለውን ስክሪን አንባቢ ጫኑ። በነፃ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው ማይክል ኩራን ነው፤ በኋላ ጄምስ ቴህ ተቀላቀለው፤ ሁለቱም ዐይነ ሥውር አውስትራሊያውያን ናቸው። ይህን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራለሁ። ፍላሽ ላይም ስለሚሠራ ልጁ ፍላሹን ይዞ የትኛውም ዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ መክፈት ይችላል። አማርኛውን የሚያነበው በዚያው በኢስፒክ ነው።

ኢንተርኔት ካለ ደግሞ ማይክሮሶፍት ኤጅ ብሮውዘር ላይ ጮክ ብሎ የማንበቢያ ቁልፍ አለ። መቅደስ እና አምሃ የሚባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት። እነዚህ ሰው ሰው ይላሉ።

ጥቂት ለሚያዩ ልጆች ይህ ሁሉ ላያስፈልግ ይችላል። ፊደሉን ማሳደግ፣ ቀለሙን ማድመቅ፣ በማጉያው አንድን ቦታ ማቅረብ ይበቃቸዋል። ሰሌዳውን በስልክ ካሜራ አንሥቶ ማስፋትም ይቻላል። መምህሩ ግን ቀድሞ ይወቅ፤ ስልክ አውጥቷል ብሎ ልጁን በክፍል ፊት ካዋረደው ያደረጋችሁት ሁሉ ገደል ገባ።

መጽሐፉን ወደ ድምፅ ቀይሩ

ጎጃም ውስጥ በጆሮ መማር አዲስ ነገር አይደለም። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ የቅኔ ተማሪ ሲቆጥር አድሮ ጠዋት ለየኔታ በቃሉ ነው የሚነግረው። ዐይነ ሥውር ሊቃውንት በአብነት ትምህርት ቤት ያላቸውን ክብር ሁላችን እናውቃለን። ታዲያ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገብቶ በጆሮ የሚማር ልጅ ለምን እንደ ጎደሎ ይታያል? ይህን ለክፍሉ ልጆች አንድ ቀን ንገሯቸው። «አንብቡልኝ» የሚለው ቃል ክብደቱ ይቀንሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አምስት ስድስት ፈቃደኛ ተማሪዎች ሰብስቡ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ፣ በስልክ መቅጃ መጽሐፉን እያነበቡ ይቅዱ። አንድ ፋይል ከ10 ደቂቃ አይብለጥ። ረጅም ፋይል ውስጥ አንድ አንቀጽ መፈለግ ያሳብዳል። አንባቢው መጀመሪያ የትምህርቱን ስምና የገጹን ቁጥር ይበል። የፋይሉ ስምም በቁጥር ይጀምር፦ 084፣ 085 እያለ። ያኔ ቁልፍ ስልክም ቢሆን በተራ ያጫውተዋል። ሥዕልና ሰንጠረዥ ሲመጣ አንባቢው አይዝለል፤ «ሥዕሉ ልብን ያሳያል፣ አራት ክፍል አለው» ብሎ ይናገር።

ወጪው አንድ ሜሞሪ ካርድ ነው። ትርፉ ግን ለዐይነ ሥውሩ ልጅ ብቻ አይደለም። እኛ ጋ ማንበብ የሚከብዳቸው፣ ፊደል የሚገለባበጥባቸው ልጆች ቅጂውን ለምነው መውሰድ ጀመሩ። ለአንባቢዎቹም ጠቀመ። ከመካከላቸው አንዷ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ነበረች። አሁን «የእገሊት ቅጂ ይሻላል» ተብላ ትመረጣለች።

መስማት ለሚቸገር ልጅ

መስማት የተሳነው ልጅ ትልቁ ሕመሙ ብቸኝነት ነው። ክፍል ውስጥ አይደለም የሚብሰው። እረፍት ሰዓት ላይ ነው፣ ሁሉም ሲስቅ።

ላይቭ ትራንስክራይብ የሚባል የጉግል መተግበሪያ አለ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። የሚሰማውን ንግግር እዚያው በጽሑፍ ያወጣል። ከቋንቋ ዝርዝሩ አማርኛን ምረጡ። ኢንተርኔት ይፈልጋል። ስልኩ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን የተሻለ ይሠራል፤ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ የሚሰማው የዴስክ ጩኸት ነው። መምህሩ ወደ ሰሌዳ ዞሮ ሲያወራ ይሳሳታል። በኛ ክፍል ብዛት ላይ ደግሞ ብዙ ይሳሳታል። ስለዚህ የምልክት ቋንቋን አይተካም፤ ለአጭር ጨዋታ፣ ለሱቅ፣ ለቢሮ ግን ይሆናል። ትራንስክራይቡን ይዞ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሻይ ቤት የሚቀመጥ ልጅ ካገኛችሁ ሥራችሁ ሠርቷል።

የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ሕግ አውጡ፦ ድምፅ የላከ በአንድ መስመር ጽሑፍ ፍሬ ነገሩን ይጻፍ። ሥዕል የላከም እንዲሁ። መስማትም ማየትም ለሚቸገሩት ልጆች ይጠቅማል፣ ገንዘብ አይጠይቅም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይረሱታል። አስታውሷቸው።

ለሚበተን ሐሳብ፣ ለፈተና ፍርሃት

የፈተናው ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2። ይህን ቁጥር እያንዳንዱ ልጅ ያውቀዋል። በዚያ ላይ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢያችን በሆነው ነገር ትምህርት የተቋረጠባቸው፣ የተኩስ ድምፅ ሰምተው ያደሩ ልጆች ናቸው። ሲፈሩ «ምን ያስፈራሃል?» አትበሉ።

እጁ ለመጻፍ የሚዘገይ ወይም ሐሳቡ ወረቀት ላይ የማይወርድለት ልጅ በድምፅ ይጻፍ። ጂቦርድ ኪቦርድ ላይ የማይክራፎን ምልክቱን ነክቶ በአማርኛ ሲናገር ይጽፍለታል። ጉግል አማርኛን በድምፅ መጻፊያው ውስጥ ያስገባው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። የጎጃም አነጋገር ላይ አንዳንዴ ይደናበራል። ልጆቹ ስሕተቱን እያነበቡ ይሳሳቃሉ፤ እሱም አይጠላም።

ለትኩረት የስልኩ ሰዓት ቆጣሪ ይበቃል። 15 ደቂቃ ጥናት፣ 5 ደቂቃ ተነሥቶ መንቀሳቀስ። ማታ ማታ ዲጂታል ዌልቢይንግ ውስጥ የመኝታ ሰዓት የሚለውን አብሩ፤ ስክሪኑን ጥቁርና ነጭ ያደርገዋል፣ ማሳወቂያውን ዝም ያሰኘዋል። ቲክቶክ ጥቁርና ነጭ ሲሆን ያስጠላል። ዓላማውም እሱ ነው።

ልብ ሲመታ፦ የራሳችሁን ቅጂ ሥሩ

ለጭንቀት የሚሆኑ መተግበሪያዎች ሞልተዋል። አብዛኞቹ እንግሊዝኛ ናቸው፣ በውቅያኖስ ድምፅ ነው የሚጀምሩት። ውቅያኖስ አይቶ ለማያውቅ ልጅ ምን ይሆነዋል? እኛ የጨሞጋን ወንዝ ድምፅ ቀድተን ነው የጀመርነው። ከኋላው ላም ይሰማል። ማንም አላማረረም።

ቅጂው ሦስት ደቂቃ ይሁን። ልጁ የሚያምነው ሰው ያንብበው። እንዲህ ማለት ትችላላችሁ፦

«እግርህን መሬት ላይ አሳርፍ። ትከሻህን ልቀቅ። በአፍንጫህ ቀስ ብለህ ሳብ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አሁን በአፍህ ቀስ ብለህ አውጣ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ልብህ ቢመታም ችግር የለውም። ይረጋል። እንደገና።»

የሚወጣው ትንፋሽ ከሚገባው ይርዘም። ካዞረው ያቁምና እንደ ወትሮው ይተንፍስ።

ሌላው የታወቀ መላ 5፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1 የሚባለው ነው። የሚያዩትን አምስት ነገር፣ የሚነኩትን አራት፣ የሚሰሙትን ሦስት፣ የሚያሸቱትን ሁለት፣ የሚቀምሱትን አንድ መቁጠር። እንዳለ ወስዳችሁ ለዐይነ ሥውር ልጅ «የምታያቸውን አምስት ነገሮች» እንዳትሉት! እኔ ብያለሁ። አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል። በሚሰሙ ጀምሩ፦ የዶሮ ጩኸት፣ ባጃጅ፣ የሰው ወሬ፣ የነፋስ ድምፅ፣ የራሱ ትንፋሽ። መስማት ለተሳነው ልጅ ደግሞ ቅጂው አይሠራም። ቁጥሩን ትልልቅ አድርጋችሁ ካርቶን ላይ ጻፉለት፣ ወይም አብራችሁት ተቀምጣችሁ እጃችሁን እያነሣችሁና እያወረዳችሁ አስተንፍሱት።

ልምምዱ ደኅና በሆነበት ቀን ይሁን። የፈተና ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ቅጂ አይረዳም።

የስሜት ማስታወሻ፣ እና የሠራሁት ስሕተት

ልጁ በየማታው አንድ ደቂቃ በድምፅ ይቅዳ። «ዛሬ ከ1 እስከ 5 ስንት ነበርኩ? ምን ከበደኝ? ማን አገዘኝ?» መጻፍ የማይወድ ልጅም መናገር ይችላል። ቴሌግራም ላይ ለራሱ የሚልክበት ቦታ አለ፣ ወይም በስልኩ መቅጃ ይተወው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሱ መልሶ ያዳምጠው። ከፈለገ አብራችሁት።

ከፈለገ ነው ያልኩት። አንድ ዓመት «የተጨነቁ ተማሪዎች ድጋፍ» የሚል ግሩፕ ከፍቼ 14 ልጆች አስገብቼ ነበር። ስሙን አላሰብኩበትም። ዝርዝሩን አንድ ልጅ ስክሪንሾት አድርጎ አሰራጨው። በሁለተኛው ቀን 13ቱ ወጡ። አንዷ የቀረችው ስልኳ ስለተዘጋ ነው። ከዚያ ወዲህ ግሩፕ የለም። አንድ ልጅ፣ አንድ ስልክ፣ አንድ መቆለፊያ። ማን እንደሚሰማው የሚወስነው እሱ ነው። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ንገሩት፦ «ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ካለህ ምሥጢር ልጠብቅልህ አልችልም፤ ሰው እጠራለሁ።» በኋላ ከምታስደነግጡት አሁን ይወቅ።

የጋይዳንስ ባለሙያ ካላችሁ ፒኤችኪው 9 የሚባለውን፣ የድባቴ ምልክቶችን የሚለካ መጠይቅ ይጠቀም። በአማርኛ አለ፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ተፈትሿል። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት የሚጠይቁ 9 ጥያቄዎች ናቸው፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ከመጣ ባለሙያ ማየት አለበት። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ነው፤ እዚያ ላይ ከ0 ሌላ ማንኛውም መልስ ከመጣ ድምሩን አትጠብቁ፣ ያኑ ዕለት አነጋግሩት። ለዐይነ ሥውር ልጅ ጥያቄውን ጓደኛው እንዳያነብለት። በድምፅ ቅዱለትና በጣቱ ቁጥር ይመልስ።

ስለ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ቻትቦት ይጠይቁኛል። ለቤት ሥራ ማብራሪያ ይሁን። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሆድ የባሰውን ልጅ ለእሱ መተው ግን አልስማማም። አማርኛው ይወላገዳል፣ ዝም ያለውን ልጅ ፊቱን አያይም፣ በሩን አያንኳኳም።

ኔትወርክም መብራትም ሲጠፋ

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ለወራት ነው የቆየው። በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ድጋፍ ያን ቀን አለቀ። ስለዚህ ዋናው ነገር ሁሉ ስልኩ ውስጥ ይሁን። ቶክባክና ኢስፒክ ከተጫኑ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ኤንቪዲኤም እንዲሁ። የመጽሐፍ ቅጂውና የትንፋሽ ቅጂው ሜሞሪ ላይ ናቸው። የአማርኛ ድምፅ መጻፊያ፣ ላይቭ ትራንስክራይብ፣ እነ መቅደስ ግን አይሠሩም። ልጁ የትኛው እንደማይሠራ አስቀድሞ ይወቅ፤ በድንገት ሲጠፋበት «እንደገና ዕውር ሆንኩ» እንዳይል። አንዱ ብሎኛል።

ሜሞሪውን በሁለት ቅጂ ያዙ። አንዱ ትምህርት ቤት ይቀመጥ። ፓወርባንክ ወይም ትንሽ የፀሐይ ቻርጀር ካለ የቻርጅ ተራ ዝርዝር ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ካልሆነ ጉልበተኛው ይወስደዋል።

መሣሪያው የማይበቃበት ጊዜ

ልጁ ሁለት ሳምንት ሙሉ ካልበላ፣ ካልተኛ፣ የሚወደውን ከተወ፣ የሌለ ድምፅ ከሰማ፣ ዕቃውን ለጓደኞቹ ማደል ከጀመረ፣ «እኔ ባልኖር ይሻላል» ካለ፣ ስልኩን አስቀምጡት። በግልጽ ጠይቁ፦ «ራስህን ልትጎዳ አስበሃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት። ቤተሰቡን ጥሩ፤ ቤት ውስጥ ያለ የተባይና የአረም መድኃኒት፣ ገመድ፣ የጦር መሣሪያ ከእጁ ይራቅ። የገበሬ ቤት ስለሆነ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ከአልጋ ሥር ነው፤ ጎረቤት ዘንድ ይቆለፍ።

ከዚያ ሐኪም። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ፤ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት አለ። ሩቅ ከሆናችሁ በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩና ሪፈር ይጻፉላችሁ። ለአምቡላንስ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው።

እናት «ጠበል ልውሰደው» ካሉ አትከራከሯቸው። የአንዷን ተማሪ እናት እንዲህ አልኳቸው፦ «እትዬ፣ ጠበሉን ትጠመቅ። ኪኒኑንም ትዋጥ። ጠበሉ ቦታ ላይ ግን ኪኒኑን አታቋርጥ።» ትንሽ አሰቡና «የኔታም እንዲሁ ነው ያሉኝ» አሉኝ። ኪኒኑን የሚያስታውስ አላርም ልጅቷ ስልክ ላይ ሞላንላት፣ በንዝረት ብቻ፤ ጠበል ቦታ ሰው እንዳይሰማ።

ያ 11ኛ ክፍል የነበረው ልጅ አሁን 12ኛ ነው። ሀንድአውቱ ከመታደሉ በፊት ፋይሉ እንዲላክለት ከባዮሎጂ መምህሩ ጋር ተስማምተናል። መምህሩ ሁለት ጊዜ ረስቷል። ሁለቱንም ጊዜ ልጁ ራሱ ቢሮው ድረስ ሄዶ ጠይቆ ተቀብሏል። የረቡዕ አንባቢዎች ገጽ 112 ላይ ናቸው። የሜሞሪ ካርዱ ሊሞላ ነው፤ 32 ጊጋ ያለው ሰው ካለ እንፈልጋለን።